የዘር ድንችና ቢጫ ሻሽ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የመጣሁት ባሌ እዚህ ሥራ ስላገኘ ነው። የስፌት መኪናዬን በአይሱዙ አስጭኜ ስገባ ጊዜው ሐምሌ ነበርና ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት እንኳ አያሳይም ነበር። የዳንግላ ሰው ብርድ አውቃለሁ ብሎ ይመካል እንጂ የኮሶበርን ብርድ አያውቅም፤ ነባሮቹ እንጅባራን ዛሬም ኮሶበር ነው የሚሏት። የመጀመሪያውን ክረምት ጣቶቼን ከሰል ላይ እያሞቅሁ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሁ። ባሌን "እንመለስ" ያላልኩበት ሳምንት አልነበረም።

እንድቆይ ያደረጉኝ ጎረቤቴ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥሊሊ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አፋቸውን የፈቱት በአውንጊ ነው፤ አማርኛውም እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል። እሳቸው በየወሩ የእመቤታችንን ማኅበር የሚጠጡ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በጾም ቀን ከቤቴ የሥጋ ወጥ ሲሸት የጋራችንን ግድግዳ መታ መታ ያደርጉና "መስኮትሽን ዝጊ፣ አትፈትኚኝ" ይሉኛል። ፍስክ ሲሆን ደግሞ ወጤን መጀመሪያ የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለመዘምራኑ ምሳ የማብላት ተራ የእኛ ቤት ደርሶ ነበር። ሃያ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ሲዘምሩ አርፍደው ሲመጡ አበላላቸው ያስፈራል። ድንች በሥጋ ልሠራላቸው አሰብኩና እትዬን አማከርኳቸው።

"ለድንች ብለሽ እዚህ ምን ያስጨንቅሻል?" አሉኝ። "ነገ ቅዳሜ አይደል? ጥሊሊ እንሂድ። ከገበሬው እጅ ትገዣለሽ።"

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ያዝን። ጥሊሊ ስንደርስ ገበያው ገና እየሞላ ነበር። ፈረሱን ጭኖ የሚጎትት፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ጠቅልሎ የተሸከመ፣ ዶሮዎቹን ቁልቁል ያንጠለጠለ፣ ሁሉም ከየቀበሌው ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መሬቱ ጭቃ ነው፤ ሴቶቹ ሸራ እያነጠፉ ገብሱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን በየረድፉ ይቆልላሉ።

ሰፈር ውስጥ ጉልበቴን እያሉ ቀስ ብለው የሚራመዱት እትዬ ገበያ ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እኔ ከኋላቸው መድረስ አቃተኝ። ዕቃ ሲያደንቁ በአማርኛ ነው፤ ዋጋ ማስቀነስ ሲጀምሩ ወደ አውንጊ ይዞራሉ። አንዲት ሳቂታ ሴት ዘንድ ቆሙና አንዱን ድንች አንስተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

"መቼ የወጣ ነው?"

"ትናንት ነው እትዬ። አፈሩን አያዩትም?"

"አፈሩንማ አየሁት። እሱንም አብረሽ ልትመዝኚብን ነው?"

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ በአውንጊ ነበርና፤ ብቻ ወደ መጨረሻው ሴትዮዋ እጇን አንስታ እንደ መሸነፍ አለችና ትልልቅ ድንች እየመረጠች ሰፈረችልን።

ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ጨምረን ስንወጣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ ዘንድ የተሰቀለ አንድ ሻሽ ዓይኔን ያዘው። ቢጫ ነው፤ ዳር ዳሩን ትናንሽ ቀይ አበባ ዞሮታል። ለእናቴ ብዬ ገዛሁት።

"ለእናትሽ?" አሉ እትዬ። "አንቺ እኮ ነሽ አስረሽ መስታወት ያየሽበት።"

"የእናቴና የእኔ ራስ እኩል ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም።

እኔ ዕንቁላል እየመረጥኩ ሳለ እትዬ ዕቃውን ሁሉ በየማዳበሪያው ከተው አሰሩት። ሁለት ማዳበሪያ ነበረን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም የታሰሩት እዚያው ገበያ በገዛነው ሰማያዊ ሲባጎ ነው። ገበያው ውስጥ ካለው ማዳበሪያ ግማሹ እንደዚያው ነበር።

ስንመለስ ማዳበሪያዎቹ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ ተጫኑ። ዕንቁላሉን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ከእትዬ ጎን ጋቢ የደረቡ፣ ረጅም አዛውንት ተቀመጡና ሁለቱ በአውንጊ ወሬ ጀመሩ። እትዬ አዲስ ሰው ሲያገኙ ቤቱን ሳይጠይቁ አይለቁም። በመሐል ወደ እኔ ዘንበል እያሉ ያስረዱኛል።

"ዘንገና ሐይቅ ጋ ነው የሚወርዱት። አምና ድንቻቸውን በሽታ ጨረሰባቸው። ዘንድሮ በሽታ የሚችል ጥሩ ዘር አለ ተብለው ነው የመጡት፤ አግኝተዋል። ቤታቸው ከሐይቁ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ብቅ በሉ እያሉ ነው።"

ዘንገና ስንደርስ ዝናቡ መጣ። ረዳቱ ተጣድፎ ጣራው ላይ ወጣና አንድ ነጭ ማዳበሪያ አወረደላቸው። አዛውንቱ ትከሻቸው ላይ አድርገውት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በእግር መንገዱ ሄዱ። እኛም ወደ እንጅባራ ቀጠልን።

ቤት ስገባ ባሌ ለመዝሙር ልምምድ ወጥቷል። ለነገ የሚቀቀለውን ዛሬ ልጨርስ ብዬ ማዳበሪያውን ፈታሁት። ድንቹ ትንንሽ ነው። ይባስ ብሎም ከየዓይኑ አጫጭር ሐምራዊ ቡቃያ አውጥቷል። ያቺ ሳቂታ ሴትዮ እያሳቀች የቆየ ድንች ያስታቀፈችን መሰለኝ። ተናደድኩ። ግን ነገ ሃያ ሰው ይመጣል፤ ቡቃያውን በቢላ እየነቀልኩ፣ ሴትዮዋን በልቤ እየወቀስኩ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ልጬ ጣድኩት። ጎመኑ፣ ሽንኩርቱና ሻሹ አብረው አለመኖራቸውን አይቻለሁ። በእትዬ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው ይሆናል ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

ድንቹ በስሎ ውሃውን ሳጠልል እትዬ ገቡ።

"ጎመኑንና ሻሹን ይዘውልኝ መጡ?" አልኳቸው።

"ከየት አምጥቼ? ያንቺ ማዳበሪያ አፍ ላይ ነው እኮ የከተትኩት።"

ከዚያ ዓይናቸው ሳፋው ላይ ወደተጠራቀመው ልጣጭ ሄደ። ጎንበስ ብለው አንድ ቡቃያ በሁለት ጣታቸው አነሱ። ወደ ማዳበሪያው ሄደው የቀረውን ድንች አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "የሰውዬውን ዘር ቀቀልሽው።"

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ሲገባኝ ድስቱን መሬት አስቀመጥኩት። ያ ሰው አምና ሰብሉ የጠፋበት ሰው ነው፤ ስንት መንገድ ሄዶ ያመጣውን ዘር እኔ ልጬ፣ ጨው ነስንሼ ቀቅየዋለሁ። ላለቅስ ስል እትዬን አየኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"እየሳቁ ነው?"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ጨውም ጨምረሽበታል!" አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

"በይ ተነሺ" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ቅዳሜም እሑድም እርሻ አይነኩም፣ ሰኞ ነው የምተክለው ብለውኛል። የተረፈውን ዛሬ እናድርስላቸው።"

ማዳበሪያውን መልሰን አስረን በባጃጅ ወደ ዘንገና ሄድን። ዝናቡ አባርቷል። ከአስፋልቱ ከወረድን በኋላ ማዳበሪያውን ግራና ቀኝ ይዘን በጭቃው መንገድ ወጣን። እትዬ በየመሐሉ ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ፤ እኔ ደግሞ አዛውንቱን ምን እንደምላቸው በልቤ እለማመዳለሁ። በጎቿን የምትነዳ አንዲት ሴት ቤቱን ጠቆመችን።

በሩ ላይ አንዲት ባልቴት ቆመው ጥቅል ጎመን ይቀነጥሳሉ። ጎመኑ የእኔ ነው። ራሳቸው ላይ ደግሞ ቢጫ ሻሽ አስረዋል፤ ዳር ዳሩን ትናንሽ ቀይ አበባ ዞሮታል። ያረጀ ቀሚሳቸው ላይ ሻሹ ብቻውን ያበራል። አስተሳሰራቸውም የጥንቃቄ ነው፣ አንዲት ክር ሳትዛነፍ።

የእትዬን እጅጌ ያዝኩ። "ባላቸው የገዙላቸው መስሏቸው ነው" አልኩ በሹክሹክታ። "እንዳይነግሯቸው። ድንቹና ጎመኑ ብቻ ነው የኛ እንበል።"

"ልዋሽ ነው?"

"ዝም ማለት ውሸት አይደለም።"

እትዬ ቀድመውኝ ወደ በሩ ሄዱ። ባልቴቷ ማንነታችንን እንኳ ሳይጠይቁ አስገቡን፤ መደብ ላይ አስቀመጡንና እርጎ በጣሳ ሰጡን፣ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡ። ከዚያ እትዬ በአውንጊ መናገር ጀመሩ። ረጅም ንግግር ነበር። ባልቴቷ ማዳበሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሻሹን በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። ነገሩ በሰላም ያለፈ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

"ምን አሏቸው?" ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።

"እውነቱን።"

እርጎው አፌ ውስጥ ቀረ።

"ቀድሞም ያውቃሉ" አሉኝ እትዬ፣ እሳቸውም እየሳቁ። ባልቴቷ ተናገሩ፣ እትዬ አስረዱኝ። አዛውንቱ ዘር አመጣሁ ብለው ማዳበሪያውን ሚስታቸው ፊት ሲፈቱ መጀመሪያ ጎመን፣ ከዚያ ሻሽ ወጣ። አዛውንቱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ባልቴቷ ሻሹን አንስተው "ለኔ ነው?" አሏቸው። አዛውንቱ ሻሹን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩና "አዎ" አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ረስቻለሁ ብለው በዚያ ዝናብ ወጥተው ሄዱ።

"ከተጋባን ጀምሮ ከገበያ ጨው አምጥቶልኛል፣ ሳሙና አምጥቶልኛል፣ ማጭድ አምጥቶልኛል" አሉ ባልቴቷ በእትዬ አፍ። "ሻሽ ቢገዛ ኖሮ የሚያምረውን ሳይሆን ቆሻሻ የማያሳየውን ይገዛ ነበር። የሱ እንዳልሆነ ገና ሳየው አውቄያለሁ። ምን ብሎ እንደሚመለስ ልይ ብዬ ነው አስሬ የተቀመጥኩት።"

ተቀምጠን ጠበቅናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዛውንቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ጥቁር ፌስታል በብብታቸው ይዘው ገቡ። እትዬን አወቋቸው፣ ማዳበሪያቸውንም አዩትና ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔና እትዬ ብድግ አልን። ሚስታቸው ከምድጃው ዘንድ ሆነው በአውንጊ አንድ ነገር ጠየቁ፤ የት ነበርክ ማለታቸው እንደሆነ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

አዛውንቱ እንድንቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙን። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ዕቃው የአንቺ መሆኑን አውቃለሁ። ሚኒባሱ ለሌላ ጉዞ ተመልሶ ይሆናል ብዬ ጥሊሊ ሄጄ ነበር፤ አጣሁት። ሻሹን ግን እሷ ወደደችው። ከራሷ ላይ ማውረድ አቃተኝ።" ፌስታሉን ከፈቱት። ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ሻሽ ነበር፣ አበባም ጥለትም የለውም። "እንደዚያኛው ያለ አላገኘሁም። ይህን ውሰጂና ያንን ተይላት። እሷ አማርኛ አትሰማም፣ አታውቅብንም።"

"እሰማለሁ" አሉ ባልቴቷ ከምድጃው ዘንድ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

አዛውንቱ ቀስ ብለው ዞሩ። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባልቴቷ ተነስተው መጡ፤ ቢጫውን ሻሽ ፈቱት፣ በአራት አጠፉትና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ሰማያዊውን ከባላቸው እጅ ወስደው ያንኑ ያህል በጥንቃቄ አሰሩት።

"እማማ፣ ይህኛውም ይሁንልዎ" አልኩ። "እውነቴን ነው፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ።"

አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያኛው ያምርብሽ ነበር" አሉ አዛውንቱ፣ እንደ ማፈር ብለው።

ባልቴቷ በአውንጊ መለሱላቸውና ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። እትዬ ጆሮዬ ላይ አስረዱኝ። "ያኛውን ነጋዴ ነው የሰቀለው፣ ይህን ግን አንተ ነህ የመረጥከው" ነው ያሏቸው። አዛውንቱ ባዶውን ፌስታል በጥንቃቄ ያጥፉ ጀመር። እኔም ዕንባዬ መጥቶ ወደ ቆሎው አጎነበስኩ።

የቀረኝ የራሴ ጣጣ ነበር። አዛውንቱ ማዳበሪያቸውን ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ ልነግራቸው ተነሳሁ።

"አባባ፣ ጎድሏል።"

"ምኑ?"

"ዘሩ። የገዛሁት ድንች መስሎኝ ቀቀልኩት።"

"ስንቱን?"

"አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ።"

አዛውንቱ ማዳበሪያውን ፈትተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ፤ ድንቹን እያነሱ፣ እያዩ መለሱት። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡም እውነታቸው ነበር።

"በስሏል?" አሉኝ በመጨረሻ።

"በስሏል አባባ።"

"ጣመሽ?"

"ገና አልቀመስኩትም።"

"እንግዲያ ነገ ቅመሺና ንገሪኝ" አሉ። "በሽታ ይችላል ሲሉኝ ገዛሁት እንጂ ጣዕሙን እኔም አላውቀውም።"

ያን ጊዜ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ። የጎደለውን ዘር በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሊሊ መጥቼ እንደምተካ ቃል ገባሁላቸው። የተረፈው ለሰኞው የእርሻ መደብ ይበቃል፣ የቀረው መደብ ሳምንት ቢቆይ አይጎዳም አሉ። የእኔን ድንችና ሽንኩርት መለሱልኝ። ከጎመኑ ግማሹ ተከትፎ ድስት ገብቶ ስለነበር ባልቴቷ በምትኩ ከጓሮ አንድ እቅፍ ሌላ ጎመን ቀንጥሰው ሰጡኝ። አዛውንቱ ማዳበሪያዬን ፈረሳቸው ላይ ጭነው እስከ አስፋልቱ ሸኙን። መንገዱን ሁሉ ከእትዬ ጋር የሚያወሩት ስለ ድንች ነበር ብዬ አስብ ነበር፤ ኋላ ስጠይቃቸው ስለ ሻሽ ዋጋ ነው አሉኝ። አዛውንቱ ሳይከራከሩ፣ የተባሉትን ከፍለው ነው የመጡት። እትዬ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

እሑድ መዘምራኑ መጡ። ታሪኩን ባሌ ነገራቸው። በመጀመሪያ ምግቡን አፋቸው ውስጥ ይዘው ተያዩ፤ ከዚያ ያንን ድስት ሙልጭ አደረጉት። እውነቴን ልናገር፣ እንደዚያ የጣመ ድንች በልቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔና እትዬ ጥሊሊ ስንደርስ አዛውንቱ ከነሚስታቸው ቀድመውን ገበያው መግቢያ ላይ ቆመዋል። ባልቴቷ ገበያ ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው እንደሆነ እትዬ ነገሩኝ። ዘር የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሄድን። መራጯ ባልቴቷ ሆኑ። ቁጢጥ ብለው እያንዳንዱን ድንች በመዳፋቸው እያገላበጡ ዓይኑን ይቆጥራሉ፤ ዓይኑ ያነሰውን ይጥላሉ፣ የሚያነሱትን ለእኔ ያሳዩኛል። "ይህ ለምድር፣ ይህ ለድስት" ይሉኛል በአማርኛቸው፤ ድስት ሲሉ ደግሞ እኔን አይተው ይስቃሉ። አዛውንቱ የማዳበሪያውን አፍ ከፍተው ከጎናቸው ቆመዋል።

ማዳበሪያው ሞልቶ አራታችን በገበያው መሐል ስናልፍ አዛውንቱን የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ያቆማቸዋል። ሰላምታው ሲያልቅ አዛውንቱ በእጃቸው እኔን ይጠቁማሉ።

"ይህች ማን ናት?" ይላቸዋል ሰውየው።

"ዘሬን የበላችው ልጅ ናት" ይላሉ፣ ፊታቸውን ሳያስቁ። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን ከላይ እስከ ታች ያየኛል። እሳቸው ደግሞ ማዳበሪያውን መሬት ያስቀምጡና ከመጀመሪያው ጀምረው ያጫውቱታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ አፈርኩ። ሦስተኛው ላይ ጨው የጨመርኩበትን ራሴ ነገርኩት።